ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ፦ የ72 ሰዓት ጉዳይ

የጤና ባለሙያዎች «ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ» ይሉታል፤ ወጣቶች ግን በአንዱ የንግድ ስሙ «ፖስት ፒል» ብለው ነው የሚጠሩት። «ድንገተኛ» የተባለው በሆስፒታል «ድንገተኛ ክፍል» በምንልበት ትርጉም ነው፤ ያለ መከላከያ ግንኙነት ሲፈጸም፣ ኮንዶም ሲቀደድ ወይም ሴት ልጅ ስትደፈር፣ ነገሩ ከሆነ በኋላ የሚወሰድ ክኒን ማለት ነው።

በብዛት የሚገኘው ሌቮኖርጀስትሬል የተባለ ሆርሞን ያለበት ነው። መጠኑ 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን ዋና ሥራው እንቁላል የሚወጣበትን ጊዜ ማዘግየት ነው። እርግዝና ከተፈጠረ በኋላ ቢወሰድ አያቋርጠውም፤ «ማስወረጃ ነው» የሚለው ወሬ ስለዚህ ስህተት ነው። በተወሰደ በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት ድጋሚ መውሰድ አለባት። የወር አበባዋ ከአንድ ሳምንት በላይ ከዘገየ ትመርመር። በየጊዜው ለመጠቀም ግን መርፌው፣ በክንድ የሚቀበረው ወይም ሌላው መደበኛ መከላከያ ይሻላታል።

ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። ክኒኑ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በቶሎ በተወሰደ ቁጥርም የተሻለ ይሠራል። የዳባት ወረዳን ያየ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ከገጠር ቀበሌ መጥታ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ቅዳሜ ስንቅ ልታመጣ ወደ ቤተሰቦቿ ትወጣለች። አርብ ማታ 2 ሰዓት ላይ የሆነ ነገር ሰኞ ማታ 2 ሰዓት 72 ሰዓት ይሞላዋል። እሷ ግን መድኃኒት ቤት ለመድረስ ዕድል የምታገኘው ሰኞ ከትምህርት በኋላ ነው። ያኔም በሩ ላይ ጎረቤት ቆሞ ካየች፣ ወይም ሻጩ በሰው ፊት «አግብተሻል?» ካላት፣ ባዶ እጇን ትመለሳለች።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዚህች ወረዳ ልደትና ሞትን ቤት ለቤት መመዝገብ ከጀመረ ከ25 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዳባት ስለ ጤና መጠየቅን ታውቃለች። ካላገባች ተማሪ ጋር ስለዚህ ክኒን መነጋገር ግን ዛሬም ያሳፍረናል። እኔ ይህን እፍረት ጨዋነት ነው ብዬ አልቀበለውም።

የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና መምህራን፦ ልጅቷ ስትመጣ ለብቻዋ አነጋግሯት፣ በጥያቄ አታስጨንቋት፣ አስረዷትና ስጧት። ክኒኑ ከኤች አይ ቪ እንደማይከላከልም ንገሯት። የተደፈረች ከሆነ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ትድረስ፤ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒቱም በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት።