እንዶድና የዓድዋ ቀንድ አውጣዎች

ሳሙና በየቤቱ ሳይገባ በፊት ጋቢና ነጠላ የሚነጣው በእንዶድ ነበር። ፍሬው ሳይበስል ተለቅሞ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፤ ውኃ ሲነካው አረፋ በአረፋ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1964 ብልሃርዚያን ሊያጠኑ ዓድዋ የሄዱት ወጣቱ ተመራማሪ አክሊሉ ለማ ከወንዝ ዳር ያገኙት ይህንኑ አረፋ ነው።

የብልሃርዚያ ትል ያለ ቀንድ አውጣ አይራባም። ቀንድ አውጣው ውስጥ ተራብቶ ይወጣና ውኃ ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። አክሊሉ ልብስ ከሚታጠብበት ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። በሕይወት ያሉትን ከሌላ ቦታ ለቅመው በዕቃ አደረጉና ከአጣቢዎቹ አንዷን ከአረፋው ጠብ እንድታደርግበት ለመኗት። ወዲያው አለቁ።

ከዚያ በኋላ ያለው የላብ ሥራ ነው። የአክሊሉ ባልደረባ ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከየአካባቢው የእንዶድ ዝርያ ሰብስበው፣ እያወዳደሩ፣ “ዓይነት 44” የተባለውን መረጡ። ገዳዩ ንጥረ ነገር አሜሪካ ውስጥ ተለይቶ በአክሊሉ አባት ስም ለማቶክሲን ተባለ። ዓድዋ ላይ ከ1969 እስከ 1974 በተደረገው ሙከራ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

ይህን የመሰለ ውጤት ይዞ ደጅ መጥናት ግን አልቀረም። ዓለም አቀፍ ተቋማት የመርዛማነቱ ምርመራ በምዕራባውያን ቤተ ሙከራ ካልተደገመ አንቀበልም ብለው ዓመታት አለፉ። ጥንቃቄው ከንቱ ነበር አልልም፤ እንዶድ ዓሣም ይገድላል፣ የቀንድ አውጣውን እንቁላል ደግሞ አይነካም። ነገር ግን የድሃ አገር ሳይንቲስት በገዛ ወንዙ ያረጋገጠውን ለማሳመን ይህን ያህል መንከራተት አልነበረበትም። በ1989 ሁለቱ ኢትዮጵያውያን “ራይት ላይቭሊሁድ” የተባለውን ሽልማት ስዊድን ላይ ተቀበሉ። ብዙም ሳይቆይ የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ የታላላቅ ሐይቆችን የውኃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዛጎል ለበስ እንስሳ እንደሚገድል አይቶ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አወጣበት።

አክሊሉ በ1997 አረፉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመሠረቱት የምርምር ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። የብልሃርዚያ መከላከል በአብዛኛው የተደገፈው ለተማሪዎች በሚታደል ኪኒን ላይ ነው፤ ኪኒኑ ትሉን ይገድላል፣ ውኃው ውስጥ ያለውን ቀንድ አውጣ ግን አይደርስበትም። የጤና ባለሥልጣኖቻችን የዓድዋን መዝገብ እንደገና ቢገልጡት መልካም ነው።