ጠብታ እንደ ሙከራ ብልቃጥ
በዘይት ውስጥ የተንሳፈፈ የውሃ ጠብታ ራሱን የቻለ የሙከራ ብልቃጥ ነው። ውሃና ዘይት ስለማይዋሃዱ በጠብታው ውስጥ ያለ ሕዋስ ወይም ኢንዛይም ከጎረቤቱ ጋር አይቀላቀልም። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ናሙናዎችን በሰዓታት ውስጥ የሚመረምረው የጠብታ ማይክሮፍሉይዲክስ (ጠብታዎችን በቀጫጭን ቦዮች የሚያስኬድ ዘዴ) የቆመው በዚህ ጠባይ ላይ ነው። ሐሳቡ ግን መሣሪያውን በግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ይቀድመዋል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

አሜሪካዊው የዘረመል ተመራማሪ ጆሹዋ ሌደርበርግ በዘይት በተሸፈኑ ጥቃቅን ጠብታዎች ነጠላ ባክቴሪያዎችን የሚለይበትን ዘዴ በ1954 አሳተመ። ከአራት ዓመት በኋላ ከአውስትራሊያዊው ጉስታቭ ኖሳል ጋር ዘዴውን በሽታ የመከላከል አቅምን ለማጥናት አዋለው። በሁለት ዓይነት ሳልሞኔላ ከተከተቡ አይጦች የተወሰዱ ሕዋሳት በየጠብታቸው ተለይተው ተንቀሳቃሽ ባክቴሪያዎች ተጨመሩባቸው። ፀረ እንግዳ አካል የሚያመነጭ ሕዋስ ባለበት ጠብታ ባክቴሪያዎቹ መዋኘት አቆሙ፤ ሁለቱንም ዓይነት የሚያስቆም ሕዋስ ግን አልተገኘም። አንድ ሕዋስ አንድ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ብቻ እንደሚያመርት በዚህ ታየ። በ1961 ቦሪስ ሮትማን ቤታ ጋላክቶሲዴዝ የተባለውን ኢንዛይም በሲሊኮን ዘይት ውስጥ በጠብታዎች በትኖ የአንዲትን ሞለኪውል ሥራ በፍሎረሰንስ ብርሃን ለካ።

እነዚህ ጠብታዎች በእጅ ወይም በመርጨት የሚሠሩ ስለነበሩ ለጅምላ ምርመራ አልተመቹም። ያንን ሥራ የያዘው ሃንጋሪያዊው ጁላ ታካቺ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የፈለሰፈው ባለ ጉድጓድ ሳህን ነው። የጉድጓዶቹ ቁጥር ወደ 96፣ 384፣ ከዚያም 1536 አደገ፤ ሞይዎቹም ሮቦቶች ሆኑ።

ጠብታ የተመለሰው በ1998 ነው። በካምብሪጅ ዳን ታውፊክና አንድሩ ግሪፊትስ ውሃና ዘይትን በማማሰል በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ቢሊዮን ያህል ጠብታዎችን አገኙ። ዘረመሉና የሚያስገኘው ፕሮቲን በአንድ ጠብታ ስለሚቆዩ ጥሩ ፕሮቲን የሠራውን ዘረመል ለይቶ ማውጣት ተቻለ። ይሁን እንጂ የጠብታዎቹ መጠን የተለያየ በመሆኑ የአንዱን ብርሃን ከሌላው ጋር ማነጻጸር ያስቸግር ነበር።

መፍትሔው ከቦይ ሥራ መጣ። በዚያው ዓመት በሃርቫርድ የጆርጅ ኋይትሳይድስ ቡድን ፒዲኤምኤስ በተባለ የሲሊኮን ጎማ ላይ ቀጫጭን ቦዮችን በርካሽና በፍጥነት የሚያወጣ ዘዴ አሳተመ። በ2001 ደግሞ በካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ተቋም ውሃ ዘይት ከሚፈስበት ቦይ ጋር ሲገናኝ ዘይቱ እየቆረጠ እኩል ጠብታዎችን እንደሚያወጣ ታየ። ተራ ዘይት ጎማውን ስለሚያሳብጥ ፍሎሪን ያለበት ዘይት ተተካ፤ ጠብታዎቹ እንዳይዋሃዱ የሚጠብቅና ሕዋሳትን የማይጎዳ ሰርፋክታንትም በ2008 ቀረበ።

ቀጣዩ ሥራ ጠብታዎቹን መምረጥ ነበር። በ2009 የግሪፊትስ ቡድን ባሳተመው መሣሪያ ሌዘር የእያንዳንዱን ጠብታ ብርሃን ይለካል፤ የሚፈለገውን ጠብታ የኤሌክትሪክ መስክ ወደ ሌላ ቦይ ይስበዋል። ፍጥነቱ በሰከንድ እስከ 2000 ጠብታ ሲሆን የተፈተነውም ሮትማን በተጠቀመበት በዚያው ኢንዛይም ነበር። በ2010 የሃርቫርዱ ዴቪድ ዋይትዝና ተባባሪዎቹ 100 ሚሊዮን ያህል የኢንዛይም ሙከራዎችን በ10 ሰዓት ጨረሱ፤ የፈጀባቸው ፈሳሽ ከ150 ማይክሮ ሊትር አይበልጥም። ፍጥነቱ ከሮቦቶቹ አንድ ሺህ እጥፍ የላቀ ነበር።

ሳህኑ ግን አንድ ብልጫ ነበረው፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ የታወቀ ቦታ አለው፣ ጠብታ ግን የለውም። በ2015 ሁለት የሃርቫርድ ቡድኖች ከእያንዳንዱ ሕዋስ ጋር የዲ ኤን ኤ መለያ ኮድ የተሸከመ ቅንጣት በጠብታ ውስጥ አስገቡ። ጠብታዎቹ ከፈረሱ በኋላም የትኛው አር ኤን ኤ ከየትኛው ሕዋስ እንደመጣ ከኮዱ ይነበባል። ከቡድኖቹ አንዱ በዚህ መንገድ 44,808 የአይጥ ሬቲና ሕዋሳትን መርምሮ በ39 ምድብ ከፈላቸው። ሁለት ሕዋሳት በአንድ ጠብታ እንዳይገቡ ፈሳሹ እጅግ መቅጠን ስላለበት ግን አብዛኞቹ ጠብታዎች ያለ ሕዋስ ያልፋሉ።