ያልተመለሰው ካርድ

አሥር ሚሊዮን ካርድ! ሊትረሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ ሳምንታዊ መጽሔት በ1936 እ.ኤ.አ. የፕሬዚዳንት ምርጫ ዘመቻ ለሕዝብ የላከው የድምፅ መጠየቂያ ካርድ ይህን ያህል ነበር። ጣልያን አዲስ አበባ የገባበት ዓመት መሆኑ ነው። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ለሁለተኛ ጊዜ ይወዳደራል፤ ተፎካካሪው የካንሳስ ገዥ አልፍሬድ ላንደን ነው። ከተጠያቂው የሚፈለገው ካርዱ ላይ ምልክት አድርጎ በፖስታ መመለስ ብቻ። መጽሔቱ ከ1916 ጀምሮ በአምስት ምርጫዎች አሸናፊውን አስቀድሞ ተናግሮ አንድም ጊዜ አልሳተምና ብዙው ሰው አመነው።

ከ2 ሚሊዮን 300 ሺህ በላይ ካርድ ተመለሰ፤ ተቆጠረ። ላንደን 57 ከመቶ፣ ሩዝቬልት 43 ከመቶ።

ምርጫው ሲደርስ ሩዝቬልት 61 ከመቶ ገደማ አገኘ። ከ48ቱ ግዛቶች ለላንደን የቀሩለት ሜይንና ቨርሞንት ብቻ። መጽሔቱም ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ተዘጋ።

ለመሆኑ እንዴት እንዲህ ሆነ? የመማሪያ መጻሕፍት መልስ ዝግጁ ነው። አድራሻው በአብዛኛው የተለቀመው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነው፤ በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ደግሞ ስልክና መኪና ያለው ሥራ አጡ አልነበረም። የሩዝቬልት «ኒው ዲል» አገሩን በኪስ ከፍሎት ነበር፤ ወዛደሩ በአብዛኛው ወደ ሩዝቬልት፣ ከበርቴው ወደ ላንደን።

እኔም ይህን መልስ ይዤ ልቀመጥ ነበር። ደስ ይላላ! ስልክ የሌለው ባለስልኩን ረታ ማለት እኮ ነው። ዳሩ ግን ቺካጎ ላይ ነገሩ ተበላሸ። እዚያ መጽሔቱ የመራጮችን መዝገብ ይዞ ከየሦስቱ ለአንዱ ካርድ ልኳል። ድሃውም ሀብታሙም ደርሶታል ማለት ነው። የመለሰው ግን ከአምስቱ አንዱ ገደማ ሲሆን ከነዚህም ከግማሽ በላዩ ለላንደን ነበር። ከተማዋ ግን ሩዝቬልትን በከፍተኛ ብልጫ መረጠች። እንግዲህ ጉዱ ከዝርዝሩ ብቻ አይደለም። መንግሥት ያናደደው ሰው ብዕር ያነሣል፤ ሌላው ካርዱን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። እኛስ ግቢ ውስጥ «ተማሪው እንዲህ ይላል» ሲባል የተናገረው ማን ነው? ዝም ያለውስ ስንት ነው?

በዚያው ዓመት ጆርጅ ጋሎፕ የሚባል ሰው ከየወገኑ የተመጠነ ቁጥር ያለው ሰው በማስጠየቅ ሩዝቬልት እንደሚያሸንፍ ተናገረ። ይባስ ብሎ መጽሔቱ ለሚጽፍላቸው ዓይነት ሰዎች 3 ሺህ ካርድ ብቻ ልኮ፣ መጽሔቱ ገና ሥራውን ሳይጀምር ምን ብሎ እንደሚሳሳት ነገረው፦ ላንደን 56 ከመቶ። በአንድ ነጥብ ነው የሳተው!

ጋሎፕም ቢሆን አልዳነም። በ1948 ቶማስ ዴዊ ሃሪ ትሩማንን ያሸንፋል አለ። ምርጫው ሳይደርስ መጠየቁን አቁሞ ነበር። ደግሞም ጠያቂዎቹ የታዘዙትን ቁጥር እስከሞሉ ድረስ ሰውየውን የሚመርጡት ራሳቸው ነበሩ፤ ይህን ያህል ሰው ጠይቅ የተባለ ሰው ደግሞ ፊቱ ፈታ ያለውን፣ ልብሱ የጸዳውን አይደል የሚያስቆመው? ቺካጎ ትሪቢዩንም «ዴዊ ትሩማንን አሸነፈ» ብሎ በትልልቅ ፊደል አተመ። ያሸነፈው ትሩማን ያንኑ ጋዜጣ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ እየሳቀ ፎቶግራፍ ተነሣበት።