የባሌ እንቁራሪቶች እንዴት ተቆጠሩ

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ሲቋቋም (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቅድሚያ የታሰበው ለደጋ አጋዘንና ለቀይ ቀበሮ ነበር። በእርጥብ ሣርና በአስታ ሥር የሚሸሸጉት እንቁራሪት አስተኔዎችና ገበሎ አስተኔዎች ተራ የደረሳቸው ዘግይቶ ነው።

መዝገባቸው የሚጀምረው ከፓርኩ በፊት ነው። በ1926 እና በ1927 የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ያሰማራው ቡድን በዊልፍሬድ ኦዝጉድ መሪነት በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ ናሙና ሰበሰበ። አርተር ሎቨሪጅ በ1932 ለሳይንስ ያስተዋወቃት የደጋ ጉርጥም የኦዝጉድን ስም ይዛ ቀረች። በ1978 ደግሞ አሊስ ግራንዲሰን ሌላ የባሌ ጉርጥ ገለጸች፤ ስሟም በአገሪቱ እንቁራሪቶች ላይ ዕድሜ ልኩን ለሠራው ለማልኮልም ላርገን መታሰቢያ ሆነ።

ይህች ጉርጥ ትንሽ ናት፤ ርዝመቷ ከ3 ሴንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም። አብዛኞቹ እንቁራሪቶች ውኃ ውስጥ ሲጥሉ እሷ ግን እንቁላሏን የምትጥለው በየብስ፣ በእርጥብ ዕፅዋት መካከል ነው። ብዙ እናቶች አንድ ቦታ ላይ ይጥላሉ። እጮቹም ኩሬ ሳያዩ፣ በእንቁላሉ አስኳል ብቻ ተመግበው ያድጋሉ። ስለዚህ እሷን ለማግኘት በኩሬ ዳር መረብ ይዞ መቆም ብዙም አይጠቅምም፤ ጎንበስ ብሎ ሣሩን መግለጥ፣ ግንዱንና ድንጋዩን መገልበጥ ይጠይቃል።

ትልቁ ግኝት የመጣው ከሐረና ደን የላይኛው ጫፍ፣ 3,200 ሜትር አካባቢ ካለው የአስታ ቀጠና ነው። ላርገንና ሮበርት ድሩዊስ በ1989 የገለጿት እንቁራሪት በፓርኩ ለሠራው ለሂልማን መታሰቢያ ተሰየመች። ላርገን በ1991 ሌላ ጨመረ። ሁለቱም በየወገናቸው ብቸኛ ዝርያ ሆነው ነበር የተመዘገቡት። ከገበሎ አስተኔዎች ወገን በ1995 እና በ1998 ሁለት እስስቶች ታወቁ። በ2016 የተሰየመው የሐረና እፉኝት ግን ከጫካ ሳይሆን ከቤተ መዘክር ናሙና ነው የተለየው።

ስም ማውጣት ግን ብዛትን አይናገርም። ለዚህ የረዳው ብዙም የማያስደምም ልማድ ነው፤ አንድ ሰው በአንድ ሰዓት ፍለጋ ስንት እንቁራሪት እንዳገኘ መጻፍ። ከ1971 እስከ 2009 የተከማቸው ይህ ማስታወሻ በ2013 ሲታተም፣ በባሌ ብቻ ከሚገኙት አራት ወገኖች ሦስቱ ክፉኛ መመናመናቸው ታየ። በላርገን ስም የተጠራችው ጉርጥ በአንጻሩ አሁንም በርካታ ነበረች። ሰዓቱ ባይጻፍ ኖሮ ልዩነቱ በፈላጊው ትጋት ወይም ስንፍና ይሳበብ ነበር።

ጥርጣሬው በቅድሚያ የወደቀው በመኖሪያቸው መጎዳት ላይ ነው፦ ደኑ ይመነጠራል፣ አስታው ይቃጠላል፣ የወንዝ ዳሩም በከብት ይረገጣል። በሌላው ዓለም እንቁራሪቶችን የፈጀው የቆዳ ፈንገስም በኢትዮጵያ ደጋዎች ተገኝቷል። ሥጋቱ እንዳለ ሆኖ ፓርኩ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል።