ከአልጋ ወደ ጠረጴዛ፦ የገና ድርዝ ታሪክ

ድርዝ ሦስት ድርብ ነው፤ ከላይ የሚታየው ጨርቅ፣ ከሥር ገበሩ፣ በመሐል ባዘቶው። ድርዝ የሚያሰኘው ሦስቱን ወግቶ እያለፈ አንድ የሚያደርጋቸው ስፌት ነው። የላይኛው ጨርቅ አብዛኛውን ጊዜ ከቁርጥራጭ እየተገጣጠመ፣ አለዚያም በአንድ ወጥ ጨርቅ ላይ የተቆረጠ ቅርጽ እየተሰፋበት ይሠራል። በአሜሪካ ቤቶች ገና ሲደርስ በጠረጴዛ መሐል ለመሐል የሚዘረጋው ጠባብና ረጅም ጨርቅ፣ ራነር የሚሉት፣ የዚህ ሙያ ውጤት ነው። ከገና ዛፍ ሥር የሚነጠፈው ክብ ጨርቅ፣ ቅርንጫፍ ላይ የሚንጠለጠለው ኮከብና የልጆች ስጦታ የሚከተትበት ትልቅ ካልሲም እንደዚያው ናቸው። ሙያው ግን ለገናም ለጌጥም ተብሎ አልተጀመረም። የተጀመረው ለብርድ ነው፤ ቦታውም አልጋ ነበር።

በአማርኛ እራፊ በእራፊ ላይ እየተጣፈ የሚለበስ ልብስ ድሪቶ ይባላል፤ ድሪቶ ለባሽ ሲባልም ድሃ ማለት ነው። ብዙ ሰው የአሜሪካም ድርዝ ከእንዲህ ያለ ችግር የተወለደ ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ከ1800 በፊት ተሠርተው እስከ ዛሬ ከቆዩት ድርዞች አብዛኞቹ የባለጸጋ ቤት ዕቃዎች ናቸው። ያን ጊዜ ጨርቅ ውድ ነበርና ለአልጋ ልብስ ተብሎ ሦስት ድርብ ማዋል የሚችል ጥቂት ሰው ነበር። እራፊ መገጣጠም የብዙኃን ሙያ የሆነው ጨርቅ ሲረክስ ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መደረዝ ራሱ እጅግ ጥንታዊ ነው። በግብፅ አቢዶስ የተገኘ፣ 5,000 ዓመት ገደማ የሆነው አንድ ትንሽ የዝሆን ጥርስ ቅርጽ የተደረዘ የሚመስል ካባ የደረበ ንጉሥ ያሳያል፤ አሁን የሚገኘው በብሪቲሽ ሙዚየም ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ በሲሲሊ የተሠራውና ትሪስታን የተባለውን የተረት ጀግና ታሪክ በስፌት የሚተርከው ድርዝ ከፊሉ ለንደን፣ ከፊሉ ፍሎረንስ ይገኛል። የአውሮፓ ወታደሮች ከብረት ጥሩር ሥር ድርዝ ይለብሱ ነበር። ለኢትዮጵያ ቅርብ በሆነችው ሱዳንም የድርቡሽ ፈረሰኞች በጥጥ የተደረዘ መከላከያ ራሳቸውም ይለብሱ፣ ፈረሳቸውንም ያለብሱ ነበር።

በአሜሪካ ሁኔታው የተለወጠው በጥጥ ነው። ኤሊ ዊትኒ በ1793 የጥጥ መፈልቀቂያ መኪና ሠራ። በ1820ዎቹ የማሳቹሴትስ ከተማ ሎዌል ፋብሪካዎች ጥጡን ፈትለው ይሸምኑት ጀመር፤ አበባ የታተመበት ጨርቅም የገበሬ ሚስት ልትገዛው የምትችል ዕቃ ሆነ። የዚህን ርካሽነት ዋጋ የከፈለው ሌላ ሰው ነው። የዊትኒ መኪና የጥጥ እርሻን ሲያስፋፋ በደቡብ ግዛቶች ባርነትንም አብሮ አስፋፋ፤ በቦስተን ቤት መርፌ የምትይዝ ሴት የምትሰፋው ባሪያዎች የለቀሙትን ጥጥ ነበር።

ገናም ቢሆን ያን ጊዜ ዛሬ የሚታወቀው ገና አልነበረም። ማሳቹሴትስ በ1659 ባወጣው ሕግ ገናን ማክበር አምስት ሽልንግ ያስቀጣ ነበር፤ ሕጉ የተሻረው በ1681 ነው። ከዚያ በኋላም ማሳቹሴትስ በምትገኝበት በኒው ኢንግላንድ ለብዙ አሥርት ዓመታት የገና ቀን እንደማንኛውም ቀን ሱቅ የሚከፈትበት ነበር። የፌዴራል መንግሥት በዓል የሆነው በ1870 ነው። ስለዚህ ለገና ቤት ማስጌጥ በዚያ አካባቢ አዲስ ነገር ነበር፤ በእጅ የተሠራ ነገር ገዝቶ ለገና ስጦታ መስጠትም እንዲሁ።

ይህ ልማድ እንዲስፋፋ ከረዱት መካከል የባርነት ተቃዋሚ ሴቶች ይገኙበታል። በቦስተን እነማሪያ ዌስተን ቻፕማን ከ1834 ጀምሮ በየዓመቱ ከገና በፊት ባዛር ያዘጋጁ ነበር። ሴቶች ዓመቱን ሙሉ በቤታቸው የሰፉትን መርፌ መሰኪያ፣ ቦርሳ፣ የሕፃን ልብስና ድርዝ አምጥተው ይሸጣሉ፤ ገንዘቡም ለትግሉ ይውላል። በታኅሣሥ 1836ቱ ባዛር የቀረበ አንድ የሕፃን አልጋ ድርዝ እስከ ዛሬ አለ፤ የሚገኘውም የኒው ኢንግላንድን ቅርስ በሚጠብቅ ድርጅት እጅ ነው። ሠሪዋ ደራሲዋ ሊዲያ ማሪያ ቻይልድ እንደሆነች ይታመናል። ድርዙ በትንንሽ ኮከቦች የተሞላ ነው። በመሐሉ ባለው ኮከብ ላይ በቀለም የተጻፈ ግጥም ልጇን ያቀፈች እናት ልጇ ከእቅፏ ተነጥቆ የሚሸጥባትን እናት እንድታስብ ይለምናል። ለገና ከተሠሩ ትንንሽ ድርዞች ሁሉ የዚህን ያህል ክብደት የተሸከመ ማግኘት ያዳግታል፤ ጨርቁ የባርነት ጥጥ ሊሆን ይችል እንደነበር ሲታሰብ ደግሞ ነገሩ የበለጠ ልብ ይነካል።

ዛሬ የገና ድርዝ ሲባል ቀይና አረንጓዴ ነው ወደ ሐሳብ የሚመጣው። ሁለቱ ቀለሞች ድርዝ ላይ የተገናኙት ግን በገና ምክንያት አልነበረም። ከ1840ዎቹ እስከ 1870ዎቹ በፔንሲልቬንያ፣ በሜሪላንድና በኦሃዮ በነጭ ጨርቅ ላይ ቀይ አበባና አረንጓዴ ቅጠል የተሰፋባቸው ድርዞች በብዛት ተሠሩ። እነዚህ ለሠርግና ለክብር እንግዳ የሚወጡ የአልጋ ልብሶች ነበሩ። ቀለማቱ የተመረጡበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ቀላል ነው፦ ሲታጠቡ የማይለቁ ናቸው።

የዚያ ቀይ ስም የቱርክ ቀይ ነው። ማደር ከሚባል ተክል ሥር የሚወጣ ሲሆን አሠራሩ ከኦቶማን ግዛት የመጣ ነው። ክሩ በተበላሸ የወይራ ዘይት፣ በበግ እበት፣ በአሉም ጨውና በደም ደጋግሞ እየተነከረ እየደረቀ ሳምንታት ይወስዳል። ምስጢሩን የሚያውቁ ግሪካውያን ቀለም ነካሪዎች በ1747 ወደ ፈረንሳይ ተወሰዱ፤ በ1785 ደግሞ ሙያው ግላስጎው ገባ። በዚህ መንገድ የተነከረ ጨርቅ ለዓመታት ታጥቦ አይደበዝዝም፤ አጠገቡ ያለውን ነጭ ጨርቅም አያበላሽም። አረንጓዴው ራሱን የቻለ ቀለም አልነበረም፤ ቢጫ ከሰማያዊ በላይ ወይም ከሥር እየተደረበ ነበር የሚገኘው። ከ1870ዎቹ በኋላ በኬሚካል የተሠራ ርካሽ አረንጓዴ ሲመጣ ብዙ ሴት ተታላለች። የዚያ ዘመን ድርዞች ሲታዩ ቀዩ አበባ እንዳለ ነው፤ ቅጠሉ ግን ጠውልጎ ወደ ገለባ መልክ ተለውጧል። የጨርቅ አዋቂዎች የአንድን ድርዝ ዕድሜ ከሚገምቱባቸው ምልክቶች አንዱ ይህ የጠፋ አረንጓዴ ነው።

ቀይና አረንጓዴ የገና ንብረት የሆኑት ቀስ በቀስ ነው። በብርዱ ወራት የማይረግፈው ሆሊ የተባለ ተክል ቅጠልና ቀይ ፍሬው ከጥንት ጀምሮ የአውሮፓ ገና ጌጥ ነበር። በሜክሲኮ የአሜሪካ ልዑክ የነበረው ጆኤል ፖይንሴት በ1820ዎቹ መጨረሻ ወደ አገሩ የላከው፣ አዲስ አበባም በየግቢው በታኅሣሥ ጫፍ ቅጠሉ ቀልቶ የሚታየው ተክል በስሙ ፖይንሴቲያ ተብሎ የበዓሉ አበባ ሆነ። ያኔ ከአያቶች ሳጥን የወጣው ቀይና አረንጓዴ ድርዝ ለገና የተሠራ መሰለ። ዛሬ የገና ራነር ላይ የሚሰፉ ብዙ የአበባ ንድፎች በቀጥታ ከእነዚያ የሠርግ ድርዞች የተወረሱ ናቸው።

የገና ዛፍን በመካከለኛው መደብ ቤት ያስገባው በአብዛኛው መጽሔት ነው። በ1848 አንድ የለንደን ጋዜጣ ንግሥት ቪክቶሪያ ከቤተሰቧ ጋር በዛፍ ዙሪያ የቆመችበትን ሥዕል አሳተመ። የፊላደልፊያው የሴቶች መጽሔት ጎዴይስ ሌዲስ ቡክ በ1850 ያንኑ ሥዕል ሲያወጣ የንግሥቲቱን ዘውድና የባሏን ሪዝ አጥፍቶ ተራ አሜሪካዊ ቤተሰብ አስመሰላቸው። ይኸው መጽሔት የድርዝ ንድፎችንም ያወጣ ስለነበር ዛፉና ስፌቱ በአንድ መጽሔት አንባቢ እጅ ገቡ። በ1846 ኤሊያስ ሃው፣ በ1851 አይዛክ ሲንጀር የፈጠራ መብት ያስመዘገቡባቸው የስፌት መኪናዎችም ተከተሉ። በኢትዮጵያ የልብስ ሰፊ መኪና ሁሉ ሲንጀር እስከመባል የደረሰው ከዚሁ ሰው ስም የተነሣ ነው።

የልደትን ታሪክ በድርዝ ላይ ካስቀመጡት ሁሉ የምትልቀው ሃሪየት ፓወርስ ናት። በ1837 በጆርጂያ በባርነት ተወለደች። ነጻ ከወጣች በኋላ ከባሏ ጋር አነስተኛ እርሻ ያዘች። በ1886 በአቴንስ፣ ጆርጂያ በተደረገ የጥጥ ትርኢት ላይ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በ11 ክፍል የሚያሳይ ድርዝ አቀረበች። አዳምና ሔዋን፣ ቃየልና አቤል፣ የያዕቆብ ሕልም፣ ስቅለቱ አሉበት፤ የመጨረሻው ክፍል ዮሴፍ፣ ማርያምና ሕፃኑ ኢየሱስ ናቸው፣ ኮከቡም ከላያቸው አለ። ሰዎቹና እንስሳቱ ከጨርቅ ተቆርጠው የተሰፉ ናቸው፤ አሠራሩን ከምዕራብ አፍሪካ የዳሆሜ የጨርቅ ሥዕል ጋር የሚያነጻጽሩ ብዙ ናቸው። ጄኒ ስሚዝ የተባለች የሥዕል መምህርት ልትገዛው ስትጠይቅ ፓወርስ እምቢ አለች። ዓመታት አልፈው ችግር ሲጠናባት ራሷ ይዛው መጣች፤ 10 ዶላር ጠየቀች፣ የተሰጣት 5 ዶላር ነበር። ከመለየቷ በፊት የእያንዳንዱን ክፍል ትርጉም ነገረቻት፤ ስሚዝም ጻፈችው። ፓወርስ ከዚያ በኋላ ድርዙን ለማየት ብቻ ተመልሳ ትመጣ ነበር። አሁን ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ነው ያለው። የእራፊ ሥራን ከጥበብ ለማሳነስ የሚሞክር ሰው መጀመሪያ ይህን ሥራ ሊያይ ይገባል።

በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት እራፊ በእውነት የችግር መፍትሔ ሆነ። ዱቄትና የከብት መኖ የሚታሸግበት የጥጥ ጆንያ እየታጠበ ልብስም ድርዝም ይሠራበት ነበር፤ ነጋዴዎችም ይህን አይተው ጆንያውን አበባ ያትሙበት ጀመር። በ1933 የሲርስ ኩባንያ ለቺካጎው ዓለም አቀፍ ትርኢት ባወጣው የድርዝ ውድድር ከ24,000 በላይ ሥራዎች ቀረቡ፤ አንደኛው ሽልማት 1,000 ዶላር ነበር። ከኬንታኪ የመጣችው አሸናፊ ድርዙን ራሷ እንዳልሰፋችው፣ የሰፉት በአነስተኛ ክፍያ የቀጠረቻቸው ሴቶች እንደነበሩ የታወቀው ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፋብሪካ ብርድ ልብስና የቤት ማሞቂያ የድርዝን ዋና ሥራ ወሰዱበት። ሙያው ሊሞት ነው ሲባል በ1971 የኒው ዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም የድሮ ድርዞችን እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ ሰቀለ። በ1976 የአሜሪካ ነጻነት 200ኛ ዓመት ሲከበር ብዙ ሴቶች የአያቶቻቸውን ሙያ መልሰው ያዙ። እነዚህ ሴቶች ግን ከቤት ውጭ ሥራ ነበራቸው፤ ወራት የሚፈጅ የአልጋ ልብስ ለመጨረስ ጊዜ አልነበራቸውም። ትንሹ የገና ሥራ የገነነው በዚህ ጊዜ ነው። በ1979 የጃፓኑ ኦልፋ ኩባንያ እንደ ጎማ የሚንከባለል ክብ ምላጭ ለገበያ አቀረበ፤ በመቀስ አንድ በአንድ ይቆረጥ የነበረው ጨርቅ ተነባብሮ በአንድ ጊዜ የሚቆረጥ ሆነ። የስቴሮፎም ኳስን በሦስት ማዕዘን በታጠፈ ጨርቅ እየሸፈኑ በስፒል የሚሠራው የዛፍ ጌጥም የተለመደው በነዚያው ዓመታት ነው፤ መርፌና ክር እንኳ አይጠይቅም።

ራነሩ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ስፋቱ ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ነው። ከታወቁት ንድፎች አንዱ የግንድ ቤት የሚባለው ነው፦ መሐሉ ላይ እንደ ምድጃ እሳት የሚቆጠር ትንሽ ቀይ ካሬ ይቀመጣል፤ ጠባብ ቅዳጆች በዙሪያው ይሰፋሉ፣ በሁለቱ ጎን ደማቅ፣ በሁለቱ ጎን ፈዛዛ። የስፌቱ ዳር 6 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። እያንዳንዱ ስፌት በሁለቱም ወገን 1 ሚሊ ሜትር ቢያልፍ፣ 12 ስፌት ያለበት ረድፍ ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ ያጥራል፤ ማዕዘኖቹም አይገጥሙም። ስፌቱ ከኋላ ወደ ደማቁ ጨርቅ ተጥሎ ይተኮሳል፤ አለዚያ ከፈዛዛው ጨርቅ ሥር ጥላው ይታያል። ባዘቶው ለጠረጴዛ ቀጭን መሆን አለበት፤ ወፍራም ከሆነ ብርጭቆ አያቆምም። ሦስቱ ድርቦች በስፒል ተይዘው ይደረዛሉ፤ በመጨረሻ ዳር ዳሩ በጠባብ ጨርቅ ይታሰራል።

በሕይወት ከቆዩት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ድርዞች የአብዛኞቹ ሠሪ አይታወቅም፤ የፓወርስ ስም የተረፈው አንዲት መምህርት ስለጻፈችው ነው። ዛሬ ድርዝ ሰፊዎች ሥራቸውን ሲጨርሱ ከጀርባው ጥግ ላይ ትንሽ ነጭ ጨርቅ ይሰፋሉ፤ በላዩም በማይለቅ ቀለም ስማቸውን፣ ከተማቸውንና ዓመቱን ይጽፋሉ።