ጉንፋን ነው ወይስ ልብ? ከኅዳር በሽታ እስከ ድንገተኛ ክፍል

አያቴ የአንኮበር ሰው ናት። እዚያ ብርዱ ቀልድ አያውቅም፤ ስለዚህ ለሚያስል ሰው ሁሉ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፦ «ብርድ መትቶት ነው።» ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም፣ ጋቢ ደርቦ መተኛት፣ በቃ። እሷንም አንድ ክረምት ትኩሳትና ሳል ያዛት። ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ለቀቃት፤ ሳሉ ግን አልለቀቃትም። ሌሊት ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል፣ ተነሥታ ስትቀመጥ ይሻላታል። እግሯም ማበጥ ጀመረ። መጀመሪያ የሄደችበት ጤና ተቋም «ጉንፋን ነው» ብሎ መለሳት። ሁለተኛው ላይ አንዲት ወጣት ሐኪም እግሯን በጣቷ ጫን አድርጋ አየች፣ ደረቷን አዳመጠች፣ ከዚያ «ልባቸውን እንየው» አለች። የደከመው ልቧ ነበር።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው፤ ሐኪም አይደለሁም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም፦ የመተንፈሻ አካል ቫይረስና ልብ ምን ያገናኛቸዋል? መልሱን ፍለጋ ስነሣ ያገኘሁት ታሪክ ነው፤ እስቲ አብረን እንየው።

ሁለት በሽታ፣ አንድ መልክ

ልብ ፓምፕ ነው። በእያንዳንዱ ምት ወደ 70 ሚሊ ሊትር ደም ይገፋል። በደቂቃ 70 ጊዜ ቢመታ ወደ 5 ሊትር፣ በቀን ደግሞ ወደ 7,000 ሊትር ማለት ነው። ግራው ክፍል ከሳንባ የመጣውን ደም ተቀብሎ ወደ መላ ሰውነት ይልካል። ይህ ፓምፕ ሲደክም የመጣለትን ያህል መላክ ያቅተዋል። ደሙ ወደ ኋላ ይጠራቀማል፣ በሳንባ የደም ሥሮች ውስጥ ግፊቱ ይጨምራል፣ ፈሳሹም ሾልኮ ወደ አየር ከረጢቶቹ ይገባል። ውጤቱ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ነው።

ኢንፍሉዌንዛ ወይም ኮቪድ ሳንባን ሲያሳብጥስ? እሱም የአየር ከረጢቶቹን በፈሳሽ ይሞላል። ውጤቱ አሁንም ሳልና የትንፋሽ ማጠር! ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁለቱ ይመሳሰላሉ። የባሰው ነገር ደግሞ አንዱ ሌላውን መቀስቀሱ ነው።

ቀባሪ የጠፋበት ከተማ

የሰሜን ሸዋ ሰው ወረርሽኝን የሚያውቀው ከጥንት ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። ዜና መዋዕላቸው እንደሚተርከው፣ በዘመናቸው ከተማይቱን መቅሠፍት መታት፤ የሞተው ሰው ከመብዛቱ የተነሣ ቀባሪ ጠፋ። ንጉሡም መቅሠፍቱ እንዲርቅ ብለው የቅዱስ ቂርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ማን በምን እንደሞተ የሚለይበት መሣሪያ ገና በዓለም ላይ አልነበረም።

400 ዓመት ያህል ወደፊት እንዝለል። በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. አንኮበር የሸዋው ንጉሥ የምኒልክ መቀመጫ ነበረች። የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ተጓዦች በአቅራቢያዋ ልጥ ማረፊያ ላይ የምርምር ጣቢያ እንዲያቋቁሙ ንጉሡ ፈቀዱላቸው። ጣቢያውን በኋላ ከመሩት ሰዎች መካከል ሐኪሞቹ ቪንቼንዞ ራጋዚና ሌኦፖልዶ ትራቬርሲ ይገኙበታል። የዚያን ዘመን ሐኪም የታጠቀው ምን ነበር? ፈረንሳዊው ላኔክ በ1816 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው የደረት ማዳመጫ እና ቴርሞሜትር። ቫይረስ የሚባል ነገር መኖሩ ገና አልታወቀም።

ኅዳር 1911

ከዚያ የኅዳር በሽታ መጣ። ዓለም «የስፔን ጉንፋን» የሚለው ማለት ነው። የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 እ.ኤ.አ. ነበር፤ በዓመቱ ወረርሽኙ ደረሰ። በኅዳር 1911 ዓ.ም. በዋና ከተማዋ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው በጽኑ ተይዘው ነበር፤ ተረፉ። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርገን የምናቃጥለው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው፣ የዚያ ሐዘን ትዝታ ነው። (በነገራችን ላይ መጥረጉ ጥሩ ነው፤ ጭሱ ግን ለሳንባም ለልብም ጠላት ነው።)

እነዚያ 10,000 ሰዎች ሁሉ በሳንባ ብቻ ነው የሞቱት? ሞትን ከነምክንያቱ የሚመዘግብ አሠራር በአገሩ አልነበረም። በአገር አቀፍ ደረጃ የልደትና የሞት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው! ስለዚህ መልሱን ለማግኘት ከ1911 በፊት መቁጠር ወደ ጀመሩ አገሮች መሄድ አለብን።

ቆጠራው ያጋለጠው

በ1847 እ.ኤ.አ. ለንደን በኢንፍሉዌንዛ ተመታች። ዊልያም ፋር የተባለ የስታቲስቲክስ ሰው ቀላል ነገር አደረገ፦ በሌላው ዓመት በዚያ ወቅት ስንት ሰው ይሞት እንደነበር አስልቶ ከዚያ ዓመት ሞት ጋር አነጻጸረ። ትርፍ ሆኖ የተገኘው ሞት «ኢንፍሉዌንዛ» ተብሎ ከተመዘገበው እጅግ ይበልጥ ነበር። በሽታው በሌላ ስም እየገደለ ነበር ማለት ነው።

በ1932 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሰልዊን ኮሊንስ ይህንኑ ዘዴ ወስዶ ከእነዚያ «ሌሎች ስሞች» ውስጥ አንዱን አወጣ፤ የልብ በሽታ። ጉንፋኑ ሲነሣ በልብ የሚሞተውም ሰው አብሮ ይጨምራል። ልብ በሉ፤ የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ራሱ የተለየው ከዚህ በኋላ፣ በ1933 እ.ኤ.አ. ነው። ቁጥሩ ከማይክሮስኮፑ ቀድሞ ነገሩን አሽትቶታል!

በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ የካናዳ ጥናት ደግሞ ጥርጣሬውን አጠራው። ተመራማሪዎቹ በላቦራቶሪ ኢንፍሉዌንዛ የተገኘባቸውንና ከምርመራው በፊት ወይም በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ በልብ ድካም ምት (በሃርት አታክ) ሆስፒታል የገቡትን ሰዎች ተከታተሉ። በሌላው ጊዜ በሳምንት በአማካይ 3.3 ጊዜ ይከሰት የነበረው ምት፣ ከምርመራው በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሳምንት 20 ሆነ። ስድስት እጥፍ ማለት ነው።

ለምን መሰላችሁ?

ምክንያቶቹ ከአንድ በላይ ናቸው። ትኩሳት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ልብ በደቂቃ ወደ 10 ምት ይጨምራል፤ ፓምፑ በፍጥነት ይሠራል፣ ነዳጅም ይፈልጋል። ግን ልክ በዚያው ሰዓት የታመመው ሳንባ ኦክስጅን ያሳንስበታል። ሰውነት ቫይረሱን ሲዋጋ የሚፈጠረው ብግነት ደግሞ ደምን ለመርጋት ያዘጋጀዋል፤ በልብ ደም ሥር ላይ ለዓመታት የተጠራቀመ ስብ ካለ ሊሰነጠቅና ደም ሊረጋበት ይችላል። አንዳንዴም ቫይረሱ የልብን ጡንቻ ራሱን ያሳብጣል።

«ይሄ የሽማግሌዎች ጉዳይ ነው» እንዳትሉ። በኢትዮጵያ ብዙ ወጣቶችን የሚይዝ የልብ በሽታ አለ፦ ሩማቲክ። መነሻው በልጅነት የሚመጣ፣ ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ባክቴሪያ የሚከሰት የጉሮሮ ሕመም ነው። ሳይታከም ሲቀር ሰውነት ባክቴሪያውን ሲዋጋ የራሱን የልብ ቫልቭ ይጎዳል፤ ከዓመታት በኋላ ቫልቩ ይጠብባል። አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ልብ በደቂቃ 70 ጊዜ ሲመታ ለአንድ ምት 0.86 ሰከንድ አለው። በትኩሳት 120 ሲደርስ 0.5 ሰከንድ ብቻ ይቀረዋል፤ አብዛኛው የሚቀነሰውም ልብ ደም ከሚሞላበት ጊዜ ላይ ነው። በጠበበ በር፣ ባጠረ ጊዜ ደሙ አያልፍም፤ ሳንባ ላይ ይጠራቀማል። ደህና መስሎ ይኖር የነበረ የ20 ዓመት ወጣት በአንድ ጉንፋን ድንገተኛ ክፍል የሚገባው እንዲህ ነው።

ከፍታውንም አትርሱ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ነዋሪው ለምዶታል፤ ነገር ግን ሳንባ ሲታመም የመጠባበቂያው ኦክስጅን ከቆላው ያነሰ ነው። በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያም እዚያ ላይ በጤነኛ ሰው እንኳ ዝቅ ያለ ቁጥር ስለሚያሳይ፣ ሐኪም ቁጥሩን ከከፍታው ጋር አዛምዶ ማንበብ አለበት።

ዛሬ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በኢትዮጵያ ሲገለጽ፣ አንድ መቶ ዓመት የቆየው ጥያቄ ተመልሶ መጣ። ልዩነቱ መሣሪያ መኖሩ ነው። ኔዘርላንዳዊው አይንትሆቨን ለ1924ቱ የኖቤል ሽልማት ያበቃው የልብ ኤሌክትሪክ መመዝገቢያ፣ ኢሲጂ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት ይሰጣል። የልብ አልትራሳውንድ ቫልቩን ሲከፈትና ሲዘጋ ያሳያል። የደም ምርመራም የልብ ጡንቻ መጎዳቱን ይናገራል። ደብረ ብርሃን ላይም ዛሬ ሆስፒታል አለ፣ ዩኒቨርሲቲው ሐኪሞችን ያስተምራል። ይሁንና መሣሪያው የሚሠራው የሚጠይቀው ሰው ሲኖር ነው።

የእናንተ ድርሻ እዚህ ጋ ነው። ቤታችሁ ውስጥ የሚያስል ሰው ካለ እነዚህን አስተውሉ፦ ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል? እግሩ አብጧል? ደረቱን ይጨመድደዋል? ልቡ ድው ድው ይልበታል፣ ወይስ ራሱን ስቶ ያውቃል? ከእነዚህ አንዱ ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሕክምና ውሰዱት፣ ያያችሁትንም ለሐኪሙ ንገሩ። ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው ደግሞ አሳክሙት፤ የዛሬዋ ፔኒሲሊን የነገውን ቫልቭ ታድናለች።

አያቴ አሁን መድኃኒቷን በሰዓቱ ትወስዳለች፣ ጨው ቀንሳለች። ጤና አዳሙን አልተወችም፤ እኔም ተይ አላልኳትም። ጎረቤት ሲያስል ስትሰማ ግን ፍርዷ ተቀይሯል። መጀመሪያ «ስትተኛ ነው ወይስ ስትቀመጥ የሚብስብህ?» ብላ ትጠይቃለች።