የመሣሪያው ወሰን እስከ የት ነው? የውጭ ኢፌክቶች በአናሎግ ሲንተሳይዘር ድምፅ አፈጣጠር ያላቸው ድርሻ

ስለ አናሎግ ሲንተሳይዘር ሲነገር እምብዛም የማይመረመር አንድ የሥራ ክፍፍል አለ። ድምፁን የሚፈጥረው ሲንተሳይዘሩ ነው፤ ፌዘር፣ ኮረስ፣ ዲሌይና ሪቨርብ ደግሞ የተፈጠረውን ድምፅ ያስውባሉ ይባላል። በዚህ አመለካከት ኢፌክት መጨረሻ ላይ የሚታከል፣ ቢቀርም መሠረቱን የማያናጋ ጭማሪ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ግን በአናሎግ ሲንተሳይዘር ሙዚቃ ውስጥ የውጭ ኢፌክት የመሣሪያው አካል ነው፤ ስለሆነም ከኦሲሌተርና ከፊልተር እኩል፣ ድምፁ ከሚታሰብበት ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ሊታሰብበት ይገባል የሚል ነው።

ምክንያቱ ከመሣሪያው አሠራር ይነሣል። ኦሲሌተሩ በተደራቢ ድምፆች (በሃርሞኒኮች) የበለጸገ ሞገድ ያወጣል፤ ፊልተሩ ከዚያ ላይ ይቀንሳል፤ ማጉያው ድምፁ የሚነሣበትንና የሚጠፋበትን ፍጥነት ይወስናል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚወጣው ግን አየር ያልነካው የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ነው። የማሲንቆ ጭራ ያለ ሳጥኑ ቢገዘገዝ ድምፁ ከስቶ ይቀራል፤ ጉልበትና ቀለም የሚሰጠው ቆዳ የተወጠረበት ሳጥን ነው፤ ሳጥኑን ግን ማንም ማስዋቢያ ብሎ አያውቅም። ሲንተሳይዘር እንዲህ ያለ ሳጥን የለውም። ፊልተር የቱንም ያህል ቢራቀቅ በግድግዳ የተመለሰ ድምፅን ወይም በአንድነት የሚጫወቱ የብዙ ሰዎችን ጥቃቅን ልዩነት አይፈጥርም። ይህን ጉድለት የሚሞሉት ጊዜንና ፌዝን (የሞገዱን የዑደት ደረጃ) የሚለውጡ መሣሪያዎች ናቸው።

ለዚህ ግልጽ ማስረጃ የሚሆነው ሙዚቀኛው ዣን ሚሼል ዣር እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው «ኦክሲዤን» አልበም ነው። በአልበሙ ውስጥ ሰፍቶ የሚሰማው የክር መሣሪያዎችን የሚመስል ድምፅ የመጣው ኤሚነንት 310 ከተባለ የኔዘርላንድ ኤሌክትሮኒክ ኦርጋን ነው፤ ዣር ኦርጋኑን ስሞል ስቶን በተባለ የኤሌክትሮ ሃርሞኒክስ ፌዘር ውስጥ አሳልፎታል። ፌዘሩ ድምፁን በአራት ደረጃ ፌዙን እያዛባ ከዋናው ጋር መልሶ ያደባልቀዋል፤ ሁለቱ በተቃረኑበት ድግግሞሽ ይጠፋፋሉ፤ በዚህም በድምፁ ውስጥ ሁለት ተንቀሳቃሽ ክፍተቶች ይፈጠራሉ። አድማጭ የዚህ አልበም መለያ አድርጎ የሚያስታውሰው ይህንኑ ቀስ ብሎ የሚዞር እንቅስቃሴ ነው፤ ኦርጋኑ ብቻውን ቢሰማ መለያው አይገኝም። ስሞል ስቶንን የነደፈው ዴቪድ ኮክሬል ቀደም ሲል ቪሲኤስ 3 የተባለውን ሲንተሳይዘር ሰርኪዩት የነደፈ ባለሙያ መሆኑም ልብ ሊባል ይገባል። በ1969 የወጣው ቪሲኤስ 3 በውስጡ የስፕሪንግ ሪቨርብ ነበረው፤ ይህም ከኦሲሌተሮቹና ከፊልተሩ ጋር በአንድ የማገናኛ ሰሌዳ ላይ እኩል ተራ ይዞ ነበር። እንግዲህ ሪቨርብ ከሳጥኑ ውስጥ መሆኑ ወይም ውጭ መሆኑ የአመራረት ውሳኔ እንጂ የድምፅ አፈጣጠር ሕግ አይደለም። በ1982 የወጣው ሮላንድ ጁኖ 60 ይህንኑ ያጠናክራል፤ ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ኦሲሌተር ብቻ ያለው መሣሪያ ሰፊ ሆኖ የሚሰማው በውስጡ በተሠራለት ኮረስ ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ኢፌክት ደካማ ድምፅን ይሸፍናል የሚል ነው። እውነትነት አለው፤ ረጅም ሪቨርብ ያልታሰበበትን ድምፅ ታላቅ ሊያስመስል ይችላል። ነገር ግን ይህ የአጠቃቀም ድክመት ነው፤ ፊልተርም እንዲሁ ያለ አግባብ ይከፈታል። ሁለተኛውና ጠንካራው ተቃውሞ የመጣው ከድምፅ ባለሙያዎች ነው፤ ድምፁ ንጹሑን ይቀረጽ፣ ኢፌክቱ በማደባለቅ ጊዜ ይወሰን ይላሉ፤ አብሮ የተቀረጸ ኢፌክት አይነቀልምና። ለብዙ መሣሪያዎች የጋራ የሆነ ሪቨርብ በእርግጥ የማደባለቅ ሥራ ነው። ሆኖም ተጫዋች የሚጫወተው ለሚሰማው ድምፅ መልስ እየሰጠ ነው። ቫንጄሊስ በ1982 ለታየው «ብሌድ ራነር» ፊልም ያማሃ ሲኤስ 80 ሲንተሳይዘርን ሌክሲኮን 224 ከተባለ ዲጂታል ሪቨርብ ጋር ተጠቅሟል፤ በዚያ ሙዚቃ በኖታዎቹ መካከል ያለው ሰፊ ዝምታ ትርጉም የሚኖረው የቀደመው ኖታ ጅራት ስለሚሞላው ነው። ያለ ሪቨርብ ተጫውቶ በኋላ መጨመር ለሌላ መሣሪያ የተጫወቱትን ወደዚህ ማምጣት ይሆናል። ንጹሑንና ኢፌክት ያለውን በተለያየ ትራክ መቅረጽ የባለሙያዎቹን ስጋት ያቃልላል፤ ተጫዋቹ ግን ሙሉውን ድምፅ እየሰማ መጫወት አለበት።

ቅደም ተከተልም የፈጠራ ውሳኔ ነው። ዲስቶርሽን ከሪቨርብ ቢቀድም የሻከረ ድምፅ በጠራ ስፍራ ውስጥ ይሰማል፤ ቢከተል ግን የቀደሙት ኖታዎች ጅራት ከአዲሶቹ ጋር ተጋጭቶ በሲንተሳይዘሩ ያልነበሩ ድግግሞሾችን ይወልዳል። መጠንም እንዲሁ ነው፤ ለጊታር የተሠራ ፔዳል የሚጠብቀው ደካማ ሲግናል ስለሆነ የሲንተሳይዘር ሲግናል ካልተቀነሰለት ሊያጨናንቀው ይችላል፤ ይህን ሆን ብለው የሚጠቀሙበትም አሉ። ስለዚህ የአናሎግ ድምፅን የሚያስተምር፣ የሚመዘግብ ወይም ዳግም ሊያሰማ የሚሻ ሰው ከፊልተሩ ቁጥሮች ጋር የኢፌክቶቹን ዓይነት፣ ቅደም ተከተልና የሲግናል መጠን አብሮ መያዝ አለበት። እነዚህ ከጎደሉ የተመዘገበው የሚሰማው መሣሪያ ሳይሆን ከፊሉ ብቻ ነው።